ኩፍኝ የማይዘው ጠርሙስ

በደቦ ከተማ በር የሚከፈተው ጣት ልሶ ነው። ከማርስ ቀይ አፈር ሥር ስድሳ ሜትር ወርዳ በተቆረቆረችው በዚህች ከተማ የመኖሪያውም፣ የትምህርት ቤቱም፣ የመጸዳጃውም በር ወገቡ ላይ ትንሽ እርጥብ ምላስ አለው። ነዋሪው ጣቱን ይሰጠዋል፣ ምላሱ የሚፈልገውን ያህል ይቀምሳል፣ ከዚያ ዳኛው ይፈርዳል። ዳኛው የሚሉት የዘጠኝ ሺውን ሕዝብ ጤና የሚቆጣጠረውን የማሽን አእምሮ ነው። ከበሩ በላይ አረንጓዴ ከበራ መግባት ነው፣ ቀይ ከበራ መቆም። ሕፃን እንኳ ከእናቱ ጡት ቀጥሎ የሚለምደው ይህንኑ ምላስ ነው።

ወይዘሮ ደብሪቱ ሸንቁጥ ግን በስድሳ ሁለት ዓመታቸውም አልለመዱትም። ያን ዕለት ጠዋት ከክፍላቸው ለመውጣት ጣታቸውን ሲሰጡት በሩ ላሰና፣ እንደ ሠርግ አጃቢ ደስ ባለው ድምፅ፣

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ወይዘሮ ደብሪቱ! ኩፍኝ አይዝዎትም» አላቸው። አረንጓዴው በራ።

«አንተ ደነዝ» አሉት በሩን።

መሳደባቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የሌላ ሰው ኩላሊት ተተክሎላቸዋል። ሰውነታቸው ኩላሊቱን ባዕድ ነው ብሎ እንዳያጠቃው የበሽታ መከላከል አቅማቸውን የሚያደክም ኪኒን ጠዋትና ማታ ይውጣሉ፤ በልጅነታቸው ከተከተቡት የተረፈው መከላከያም ተሟጦ ካለቀ ቆይቷል። ስለዚህ በየወሩ ሲስተር ዘቢደር አንድ ጠርሙስ ትሰቅልላቸዋለች። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ከብዙ ሺህ የምድር ሰዎች ደም የተለቀመ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ጀርም ሲገባ አንቆ የሚይዝ የደም ዘበኛ ማለት ነው። የተዋሱት ዘበኛ ደግሞ አይከርምም፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሟሽሾ ያልቃል። ጠርሙሱ የተሰቀለው ሰኞ ነበር፣ ዕለቱ ሐሙስ ነው። ዳኛው ትኩሱን ዘበኛ ቀመሰና የራሳቸው መሰለው።

እስካለፈው ሳምንት ድረስ ዳኛው ኩፍኝን ቀምሶ አያውቅም ነበር። መቅመስ የጀመረው ከምድር የተነሳችው ጎህ የተባለች መርከብ ከሦስት መቶ ተሳፋሪዎቿ መካከል ኩፍኝ መነሳቱን ካስታወቀች በኋላ ነው። መርከቧ በሃያ ስድስት ቀን ውስጥ ትደርሳለች። ወደ ምድር ተመለሺ እንዳትባል የምትተነፍሰው አየር እያለቀባት ነው፤ ወደቡና ከተማው ደግሞ የሚተነፍሱት ከአንድ ሳንባ ነው። ኩፍኝ ከገባ ሁሉም ቤት ይገባል።

በሩ ንግግሩን አልጨረሰም ነበር። «አረንጓዴ ስለሆኑ ከጠርሙስ ተጠቃሚዎች መዝገብ ተሰርዘዋል። የጎህ እንግዶች አቀባበል ኮሚቴ ውስጥ ተመድበዋል። መልካም ቀን!»

ወይዘሮ ደብሪቱ በቀጥታ ወደ ጤና ቢሮ አመሩ። ጠርሙስ ነፍገው፣ ኩፍኝ የያዘውን መንገደኛ እቅፍ አድርገሽ ሳሚ እያሏቸው ነው።

የጤና ኃላፊው ኢዮስያስ ቢሮ የከተማው ሰፊ ቢሮ ነው፤ ሥራው ግን ዳኛው ያለውን «ልክ ነው» ማለት ብቻ ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ በደቦ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ስላስተማሩ ኢዮስያስም ተማሪያቸው ነበር፤ ከመቶ አርባ አንድ ያመጣ ተማሪ። ሲያያቸው ብድግ አለ።

«ቲቸር! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። ሻይ ይምጣልዎት?»

«ሻይህን ተወው። ይህ ማሽንህ የእኔን ደምና የጠርሙሱን መለየት አቅቶታል። ዘበኛው የተዋስኩት ነው፤ ወር ሳይሞላ ይሄዳል። ያኔ መርከቧ ደጅ ላይ ናት።»

«ቲቸር፣ ዳኛው እኮ ተሳስቶ አያውቅም።»

«ሲሳሳት ማን ይነግርሃል? እሱ ራሱ?»

ኢዮስያስ በትዕግሥት ፈገግ አለ። ባለሥልጣን ለአሮጊት የሚያሳየው ፈገግታ ነው። «በአንድ ሳምንት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ታካሚዎች አረንጓዴ ሆነዋል። ኩላሊት የተተከለላቸው፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ፣ ሁሉም! ሪፖርቱን ወደ ምድር ልከነው እንኳን ደስ አላችሁ ተብለናል።»

«ቀብራችንም ላይ እንኳን ደስ አላችሁ ይበሉህ።»

«ያን ያህል ከሰጉ ደግሞ ክትባቱ አለ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ለከተማው ሕዝብ በሙሉ የሚበቃ ተቀምጧል። ይውሰዱ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ክትባቱ ሕያው ነው፣ ኢዮስያስ። የተዳከመ ኩፍኝ ነው። ጤነኛ ሰው ሁለት ቀን አተኩሶት ትምህርቱን ይማርበታል። እኔን ግን ያ የተዳከመውም ይጥለኛል፤ ውስጤ ሆኖ የሚታገለው የለማ! ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬሃለሁ።»

«የቀረሁ ዕለት ይሆናላ» ብሎ ሳቀ። «እኔ እንደሆንኩ አረንጓዴ ነኝ።»

ሻዩ ሳይመጣ ወጡ። ሠላሳ ዓመት የደከሙበት ትውልድ ይህ ነው፤ አእምሮውን ለበር አስረክቦ በቀሪው ጭንቅላቱ ፀጉር ያበቅልበታል።

በምሳ ሰዓት ከሲስተር ዘቢደር ጋር ወደ ዋናው አደባባይ መጡ። ዘቢደር አርባ ዓመት የሞላት፣ እጇ ረጋ ያለ ነርስ ናት፤ ያን ዕለት ግን ከጋዋኗ ሥር አንድ ጠርሙስ ደብቃ ይዛለች።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ከሥራ ያባርሩኛል እኮ።»

«በደንብ ያዢው። አንዲት ጠብታ ብቻ ነው የምፈልገው።»

ወደ ምግብ አዳራሹ በር ቀረቡና ጠብታዋን ምላሱ ላይ ጠብ አደረጓት። በሩ ላሰ። ትንሽ አሰበ። ከዚያም አደባባዩ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ፣

«እንኳን ደስ አለዎት! ስምዎ መዝገብ ላይ አልተገኘም፤ ኩፍኝ ግን አይዝዎትም። የጎህ እንግዶች አቀባበል ኮሚቴ ውስጥ ተመድበዋል። እባክዎ የባህል ልብስ ለብሰው ይገኙ» ብሎ ወለል ብሎ ተከፈተ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከጠረጴዛው ተነስቶ ለጠርሙሱ እጅ ነሳ። ሌላው «ቀሚሱን ማን ይሰፋለታል?» ብሎ ጮኸ። ኢዮስያስ አፉን እየጠረገ ከምሳው ሲመጣ በሩ አሁንም ተከፍቶ ጠርሙሱን እየጠበቀ ነበር።

ሳቁ ሰው ፊት ባይሆን ኖሮ ኢዮስያስ ነገሩን አድበስብሶ ያልፈው ነበር። አሁን ግን አማራጭ አጣ። በበሩ በኩል ዳኛውን፣ «ሰውነቱ ራሱ የሠራውን ብቻ ቁጠር» ብሎ አዘዘ።

«በምን እለየዋለሁ?» አለ ዳኛው።

«በትዝታ ሕዋስ» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። «ራሱ የተማረ ሰውነት የጀርሙን መልክ የሚያስታውስ ሕዋስ ያስቀምጣል። ተውሶ የሚኖር ዘበኛ እንጂ ትዝታ የለውም። ትዝታውን ቅመስ።»

ዳኛው ቀመሰ። መጀመሪያ የወይዘሮ ደብሪቱ ቀይ በራ፤ ደስ አላቸው። ቀጥሎ የዘቢደር አረንጓዴ በራ፤ ነርስ ሆና ከመቀጠሯ በፊት ተከትባ ነበር። ኢዮስያስ ፈገግ ብሎ ጣቱን ሰጠ። ቀይ። ጣቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ ደገመው። ቀይ። ከኋላው ያለው ሰውዬ ቀይ፣ ምግብ አብሳዩ ቀይ፣ እጅ የነሳው ቀልደኛ ቀይ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ደቦ ከዳር እስከ ዳር ቀላች።

ነገሩ ወዲያው ተገለጠ። ደቦ ክትባት ከተወች አርባ ዓመት ሆኗታል፤ ከጥቂት አዛውንቶችና ከነርሶች በቀር የተከተበ የለም። የሁለት ቀን ትኩሳትና የክንድ ሕመም የሥልጡን ሰው ነገር አይደለም ተብሎ፣ ለነዋሪው ጠዋት ጠዋት በሻወሩ ውስጥ ጋሻ ጉም የሚባል ነገር ይለቀቅለታል፤ ፋብሪካ የሠራው ዘበኛ የተበተነበት እንፋሎት ነው። ጉሙ የበሩን ምላስ ያታልላል፣ ኩፍኝን ግን አያቆምም። አርባ ዓመት ኩፍኝ ስላልመጣ ይህንን የጠየቀ ሰው አልነበረም። «በጠርሙስ የሚኖሩ» እያለ ታካሚውን በአሽሙር ሲወጋ የኖረው ሕዝብ ለካ ራሱም በውሰት ነበር የሚኖረው፤ ያውም በቀጠነ ውሰት።

ወይዘሮ ደብሪቱ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እንዲህ ከልባቸው ከሳቁ ዓመታት አልፈዋል።

ሳቃቸውን ያቋረጠው ዳኛው ነው። «ቀይ የሆነ ሁሉ ጠርሙስ ይገባዋል» አለ። «መጋዘን ያለው ጠርሙስ ሁለት መቶ አርባ ነው። እደላው ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይጀመራል። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይወስዳል። ክትባት ለፈለገ ከመጋዘኑ አጠገብ ያለው ክፍል ክፍት ነው።»

ማሽን እንዲህ ነው ፍትሕ የሚያውቀው። ትናንት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች በስሕተት ሊሞቱ ነበር፤ ነገ በእኩልነት ሊሞቱ ነው። ያመጡትም ራሳቸው ወይዘሮ ደብሪቱ ናቸው።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሲደርሱ ሰልፉ ሦስት መተላለፊያ ዞሮ ነበር። ባለ ጡንቻው፣ ባለ ሙሉ ኩላሊቱ፣ ትናንት በሩጫ ውድድር ሜዳሊያ የተሸለመው ሁሉ ለጠርሙስ ተሰልፏል። ዘቢደር በክትባቱ ክፍል ደጃፍ መርፌዎቿን ደርድራ ብቻዋን ተቀምጣለች። «ሕያው ነው አሉ» እያለ ሰው በሩቁ ያልፋታል። ጀርሙን ፈርቶ ከክትባቱ ይሸሻል፤ ኩፍኝ ይዛ ለምትመጣው መርከብ ግን አበባ አዝዟል።

ዘቢደር ስታያቸው ሮጣ መጣች። «እትዬ ደብሪቱ፣ እዚህ ምን ያቆምዎታል? ወደ ፊት ይሂዱ እንጂ! ታማሚ ነኝ ይበሏቸው!»

«እነዚህን? አልለምንም» አሉና ከሰልፉ ጭራ ቆሙ። በልባቸው ግን ፈርተዋል። ከኋላቸው አፍንጫቸውን የሸፈኑ ሌሎች ታካሚዎች አንድ በአንድ መጥተው ተሰለፉ።

ከፊታቸው የነበረው ግርማቸው የሚባል በያጅ ዞር ሲል አያቸው። ፊቱ ተለዋወጠ። ተማሪያቸው ነበር።

«ቲቸር! እርስዎ ከእኔ ኋላ? ኧረ በሕግ! ይለፉ፣ ይለፉ።»

ይህን ሲል የሚያየው እሳቸውን አልነበረም፤ ከጎን ያሉትን ነበር። ከፊቱ ያለችው ሴትዮ ይህን ሰማች። ግርማቸው አሳልፎ እሷ ሳታሳልፍ ብትቀር ወሬው ከምሳ በፊት የት እንደሚደርስ ታውቀዋለች። «ይለፉ እንጂ!» አለች፣ ትንሽ ጮኽ ብላ። ቀጣዩም። ቀጣይዋም። ሰልፉ እንደ ዚፕ እየተከፈተ ሄደ፤ ታካሚዎቹም ተከተሏቸው።

ወይዘሮ ደብሪቱ በዚያ መሐል ሲያልፉ ምስጋና አልተሰማቸውም፤ የተሰማቸው ንቀት ነው። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድም ሰው ገብቶት አላሳለፋቸውም። ይሉኝታ ነው። ያልወደደውን ወጥ ድገም ሲባል የሚደግም፣ ያላመነበትን ስብሰባ አጨብጭቦ የሚወጣ፣ ዕድሜውን ሙሉ የጎረቤት አፍ እያየ የሚኖር ሕዝብ። እውቀት ያላነቃነቀው ሰው ሐሜት ፈርቶ ከመንገድ ይነሳል!

ከፊት ሦስተኛ ሆኖ ኢዮስያስ ቆሟል። የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ግድግዳ ግድግዳ ያያል።

«ኢዮስያስ» አሉት ጮኽ ብለው። «ኩላሊትህን ምን ነካው?»

«እ… ምንም አልሆነም፣ ቲቸር።»

«ጉበትህስ?»

«ደህና ነው።»

«ታዲያ በእኔ ጠርሙስ ምን ልትሠራበት ነው?»

የሺህ ሰው ዓይን የኢዮስያስ ጆሮ ላይ አረፈ፤ ጆሮው ቀላ። «እኔ እኮ… ለክትባቱ መስሎኝ ነው እዚህ የቆምኩት» አለና ወደ ዘቢደር ክፍል ገባ። ከዚያ በኋላ ጉድ ታየ። «እኔም ለመርፌው ነው የመጣሁት»፣ «እኔም ተሳስቼ ነው»፣ «ማነው ይሄ ለጠርሙስ ነው ያለን?» እየተባለ ሰልፉ ተናደና በሌላው በር ተተከለ። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከጠርሙሱ መጋዘን ፊት የቀሩት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ዘቢደር መርፌውን ለረዳቶቿ ትታ የወይዘሮ ደብሪቱን ስም ለሚቀጥለው ወር በሚሰቀልላቸው ጠርሙስ ላይ ልትለጥፍ መጣች። ዳኛው ጠራት።

«ስምንት ሺህ ሰባት መቶ ሰዎች ሰልፍ ቀይረዋል። ምክንያቱን አላገኘሁትም።»

«ሰው ምን ይለኛል ብለው ነው» አለችው።

«ሰው ምን አለ?»

«ምንም አላለም።»

ዳኛው ምናልባት እስካሁን እያሰበበት ይሆናል።

ወይዘሮ ደብሪቱ ጠርሙሱን ተቀብለው ደረታቸው ላይ አቀፉት። «የታዘብሽው ነገር አለ፣ ዘቢደር?» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ሳስተምራቸው አንድ ነገር ጠብ አላላቸውም። ዛሬ ያተረፈን እንኳ ማስተዋላቸው አይደለም፤ ከንቱነታቸው ነው።»

ዘቢደር ስሙን ለጥፋ ጨረሰች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እትዬ። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሰልፍ እንደማይጠብቅ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ቀጥ ብለው ገብተው ጠርሙሴን ስጡኝ ቢሉ ማን ይከለክልዎት ነበር? ለምን ከኋላ ቆሙ?»

ወይዘሮ ደብሪቱ ቶሎ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ። ስለ ሥርዓት ሊናገሩ አሰቡ፤ ተዉት። ስለ ክብር ሊናገሩ አሰቡ፤ እሱንም ተዉት።

«ባያሳልፉዎትስ ኖሮ?» አለች ዘቢደር ቀስ ብላ።

«እዚያው ቆሜ እቀር ነበር» አሉ። ድምፃቸው ያለወትሮው ቀጭን ነበር። «ተማሪዎቼ ምን ይሉኛል?»