«የጉም በር» ያለቀ ዕለት

ኢልያስ ካፌውን ሊከፍት በማለዳ መጥቶ የጓሮውን በር ሲገፋ፣ ደራሲው መድኃኔ ድንጋይ ንጣፉ ላይ በጀርባው ተንጋሎ አገኘው። ከበላዩ የፎቁ በረንዳ የእንጨት መከታ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። ኢልያስ ጮኸ፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። ፀሐይዋ የእሪ በከንቱ ሰፈርን ቆርቆሮዎች ማሞቅ ስትጀምር ኢንስፔክተር ፅናት ከሳጅን አጽብሐ ጋር ደረሰች።

ፅናት ሟቹን በአካል አታውቀውም፤ ግን ትናንት ስትረግመው ነበር ያመሸችው። እሷ ብቻም አይደለች፤ ከተማው በሙሉ ነው። መድኃኔ የ«ጉም በር» ደራሲ ነበር። ድራማው ለዓመታት እሑድ እሑድ ሲመሽ መንገዱን ጭር ሲያሰኝ የኖረ ነው፤ ዘንዶ ያለበት፣ ጅብ በሰው አንደበት የሚናገርበት፣ ሐመልማል የምትባል ልጅ የጉም ንጉሥ የወሰደባትን ወንድሟን ናሆምን ፍለጋ ከተራራ ተራራ የምትንከራተትበት። ትናንት የመጨረሻው ክፍል ታየ። ሐመልማል ከስንት መከራ በኋላ የጉሙን በር አገኘችው። ከፈተችው። ወደ ውስጥ አየች፤ አለቀሰች። ከዚያ በሩን መልሳ ዘግታ ወደ አገሯ ጉዞ ጀመረች። አለቀ። ምን እንዳየች፣ ናሆም ይኑር ይሙት፣ ማንም ሳያውቅ ቀረ።

«ለዚህ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዘመን ያስጠበቀን?» ብላ ሪሞቱን ሶፋው ላይ ወርውራ ነበር ፅናት። ያ ሰው አሁን እግሯ ስር ተኝቷል።

«ተመልካች ነው የገደለው» አለ አጽብሐ። «ፌስቡኩን ቢያዩት! ግማሹ አገር እገለዋለሁ ብሎ ጽፏል።»

ፅናት ጎንበስ ብላ አስከሬኑን ስታጤን ቆየች።

«የነካው ሰው አለ?»

«የለም። ኢልያስ እንዳየ ጮኸ እንጂ አልቀረበም። ጎረቤቶቹም ይህንኑ ይመሰክራሉ።»

«ታዲያ ዓይኑን ማን ከደነለት?»

አጽብሐ ቀረብ ብሎ አየ። የሟቹ ዓይኖች ተከድነዋል። እግሮቹ ገጥመው ተዘርግተዋል፤ እጆቹ ደረቱ ላይ ተጣምረዋል። አፉ እንዳይከፈት አገጩ በራሱ የአንገት ልብስ ተሸብቦ አናቱ ላይ ታስሯል።

«ተመልካች ይህን አያደርግም» አለች ፅናት።

ግቢው ከሰፈሩ ፈረሳ የተረፈ አሮጌ ቤት ነው። ፎቁን መድኃኔ ተከራይቶታል። ምድር ቤቱ ፊት ለፊት የኢልያስ ካፌ ነው፤ ከኋላ የባለቤቲቱ የእትዬ አሰፋች ክፍሎች አሉ። የግቢው የብረት በር ማታውኑ ከውስጥ ተቆልፎ አድሯል፤ ቁልፉም አልተነካም። ወደ ጓሮው ሌላው መግቢያ የካፌው የኋላ በር ብቻ ነው፤ እሱም ከባንኮኒው በስተጀርባ ስለሆነ ኢልያስ ሳያይ ማንም አያልፍበትም።

ፅናት ኢልያስን ካፌው ውስጥ አገኘችው። ወለሉ ላይ የሲኒ ስባሪ ገና አልተጠረገም።

«ትናንት ማታ ‘ባገኘው አንቀዋለሁ’ ብለሃል አሉ።»

«ብያለሁ» አለ ኢልያስ፣ ላቡን እየጠረገ። «ያላለ ማን አለ? ወላሂ፣ ሰው አበደ! ሲኒው ተወረወረ፣ ወንበሩ ተወረወረ። እኔ ባንኮኒው ላይ ወጥቼ ቴሌቪዥኔን አቅፌ ቆምኩ። ሐመልማልን ሆና የሠራችው ማኅሌት እንግዳችን ነበረች፤ እሷ ላይ ሲዞሩባት ሠራተኞቼ ከባንኮኒው ጎን ያለው መጋዘን ውስጥ አስገብተው ቆለፉባት፤ ለደህንነቷ። ሰው ሲበተን ከሠራተኞቹ ጋር ከፍተን ሸኘናት፤ እኛም ዘግተን ሄድን።»

«በኋላው በርስ ያለፈ ሰው አለ?»

«ዳይሬክተሩ ካሕሳይ። ፎቅ ከመድኃኔ ጋር ሲያይ አምሽቶ፣ እንዳለቀ ፊቱን አጥቁሮ በዚህ ወጣ።»

«መጨረሻውን አንተ እንዴት አየኸው?»

«መጨረሻ አለው እንዴ? ከፈተች፣ ዘጋች! ልጁ ይሙት ይኑር ሳይነግረን! አራዳውን ሁሉ ፋራ አደረገው እኮ…» ካለ በኋላ ወደ ጓሮው ዘወር አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አላህ ይማረው።»

ካሕሳይ ፀጉሩ የሸበተ፣ ሲናገር እጁ ዕረፍት የሌለው ሰው ነው።

«ተጣልተናል፤ አልክድም» አለ። «ሁለት መጨረሻ ነበር የቀረጽነው። በአንደኛው ናሆም ከጉሙ ወጥቶ ይመለሳል። ሕዝቡ የሚፈልገው እሱን ነው። ሊተላለፍ ሲል መድኃኔ አውጥቶ ጣለው። ለምን ስለው ‘ውሸት ስለሆነ’ አለኝ። ዘንዶ በሚበርበት ድራማ ውስጥ!»

«ታዲያ ልጁ ሞቷል?»

«እኔም ትናንት ይህንኑ ጠየቅሁት። ‘መጀመሪያ ሊሰማው የሚገባ ሌላ ሰው አለ’ አለኝ። ይኸው እሱም ሞተ፣ እኔም ሳላውቅ ቀረሁ።»

እትዬ አሰፋች በራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጥቁር ሻሽ አስረው፣ እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው። ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ የአንድ ጎረምሳ ፎቶ ተሰቅሏል።

«እትዬ፣ መድኃኔን መቼ ነው ያዩት?» አለች ፅናት ዝቅ ብላ።

«ከቀን ወዲህ አላየሁትም፣ ልጄ። ቴሌቪዥኔን አየሁ፣ ተኛሁ።»

«ሲወድቅ ድምፅ አልሰሙም?»

«የነኢልያስ ጩኸት ምን ያሰማል?»

ፅናት ቀና ብላ ፎቶውን አየች። «ልጅዎ ነው?»

«ፈቀደ ነው። በኬንያ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ፤ ከሄደ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ይመጣል። ሰፈሩ ሲፈርስ ሰዎቹ ኮንዶሚኒየም ግቢ ብለው ለመኑኝ፤ ልጄ የሚያውቀው በር ይህ ነው ብዬ አሻፈረኝ አልኩ።» ወደ ፎቶው ዘወር አሉ። «መድኃኔና እሱ አብሮ አደግ ናቸው፤ ከአንድ ሳህን በልተው ነው ያደጉት። ናሆም የሚለውን ልጅ ከፈቀደ ነው የወሰደው። ‘እትዬ፣ አይዞሽ፣ መጨረሻው ላይ ይመለሳል’ ይለኝ ነበር።»

«የትናንቱን መጨረሻ እንዴት አዩት?»

«ምን አየዋለሁ? ልጁ ሞተ። አየር አጥቶ። በቃ።»

ፅናት አመስግና ተነሣች። የጓሮውን በር አልፋ ጥቂት ከተራመደች በኋላ ቆም አለች፤ ግን ምን እንዳስቆማት ለራሷም አልታወቃትም።

ከቀትር በኋላ አለቃዋ ደወለ። «የካፌው ሰውዬ ሲዝት የሚያሳየው ቪዲዮ አገር አዳርሷል። ምን ትጠብቂያለሽ? ያዢው እንጂ!»

«እስከ ማምሻ ይስጡኝ» አለችና ማኅሌትን አስጠራች።

ተዋናይዋ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። መጋዘኑ ውስጥ ሳለች ፈርታ ለመድኃኔ መደወሏን ተናገረች።

«ካሕሳይ ከወጣ በኋላ ነው?»

«አዎ፤ በካፌው ሲያልፍ ሰው ሲሰድበው ሰምቻለሁ። ከዚያ ደወልኩ። መድኃኔም አነሣና ‘አይዞሽ፣ እዚያው ቆዪ’ አለኝ። ድምፁ የወትሮው አልነበረም። ሰሞኑን እንዲያ ነበር።»

«ለምን?»

ማኅሌት መሬት መሬት አየች። «ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ከስደት የተመለሰ ሰው አግኝቶ ነበር። ሰውየው ከፈቀደ ጋር ተጉዟል። በተዘጋ የጭነት መኪና አጭቀዋቸው… ፈቀደ ታፍኖ ሞተ። ሬሳውን መንገድ ዳር ጥለውት ሄዱ። መድኃኔ ‘ይህን ለእናቱ በምን አፌ እነግራለሁ?’ እያለ ያለቅስ ነበር።»

«ሽማግሌ ሰብስቦ መርዶውን አያስነግርም?»

«ብዬዋለሁ! ‘ለዓመታት ይመለሳል ያልኳት እኔ ነኝ፤ የምነግራትም እኔ ነኝ። ድራማው ልቧን ያዘጋጃል’ አለኝ። ከእኔ በቀር ለማንም አልነገረም።»

ፅናት ጠዋት ያስቆማት ነገር አሁን ገባት። ባይገባኝ ኖሮ ብላ ተመኘች። ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ዘመኗ አንድን ጉዳይ ሳይፈታ ትታው ብትሄድ ደስ ባላት ነበር። ግን ብትሄድ ኢልያስ ሊታሰር ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉንም ካፌው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ካሕሳይ ከመስኮቱ አጠገብ ቆመ። ማኅሌት እትዬ አሰፋችን ደግፋ አስቀመጠች። ኢልያስ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ ያንኑ ብርጭቆ ደጋግሞ ይወለውላል።

«ተመልካች ገደለው ተባለ» ብላ ጀመረች ፅናት። «የተናደደ ተመልካች ግን ገፍቶ ይሮጣል። ይህ ሰው ደረጃውን ወርዶ አጠገቡ ተንበርክኳል። ዓይኑን ከድኗል፣ አገጩን አስሯል። አስከሬን ከደረቀ በኋላ አፍ እሺ ብሎ አይገጥምም። ስለዚህ ይህ የተደረገው ወዲያው ነው፤ እዚህ ውስጥ ሲኒ ሲወራወር። ያደረገውም መድኃኔን የሚወድ ሰው ነው።»

«ኢልያስስ?» አለ አጽብሐ።

«እሱን ያስጠረጠረው ቪዲዮ ራሱ ነጻ ያወጣዋል። ድራማው ካለቀ ጀምሮ ሰው እስኪበተን ቴሌቪዥኑን እንዳቀፈ ይታያል፤ ከዚያ ከሠራተኞቹ አልተለየም። ካሕሳይ በካፌው አልፈው ከወጡ በኋላ መድኃኔ ስልክ አንሥቶ ተነጋግሯል፤ ስለዚህ እሳቸው ሲሄዱ በሕይወት ነበር። ማኅሌት ደግሞ ከውጭ ተቆልፎባት ነበር።»

ብርጭቆው የኢልያስ እጅ ውስጥ ቆመ። ማንም ቀና ብሎ አላየም፤ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ።

ፅናት ውሃ ጠየቀች፤ ሲሰጧትም ሳትጠጣ አስቀመጠችው።

«ዛሬ ሁላችሁንም ስለ መጨረሻው ጠየቅኋችሁ» አለች በስተመጨረሻ። «የከተማው ንዴት ምንድን ነው? ልጁ ይሙት ይኑር አልተነገረንም ነው። ዳይሬክተሩ እንኳ አያውቁም። እኔም አላውቅም። አንድ ሰው ግን ልጁ ሞተ አለኝ። ጠርጥሮ አይደለም፤ አውቆ ነው። እንዴት እንደሞተም ነገረኝ፤ አየር አጥቶ። ጉም ሰው ያሳስታል እንጂ አያፍንም። ታፍኖ የሞተው ናሆም አይደለም፤ ፈቀደ ነው። ይህን ሊነግር የሚችለው መድኃኔ ብቻ ነበር፤ የነገረውም ድራማው ካለቀ በኋላ ነው።» ወንበር ስባ ከአሮጊቷ ፊት ተቀመጠች። «እትዬ፣ ከቀን ወዲህ አላየሁትም ብለውኝ ነበር።»

እትዬ አሰፋች አልደነገጡም። ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«በሩን ስትዘጋው ደነገጥኩ» አሉ። «ወጣሁ። ምን አየች? ናሆም የት አለ? አልኩት። እግሬ ላይ ወደቀና ነገረኝ። የኔን ልጅ መኪና ውስጥ… ነገረኝ። ተው አልኩት። ውሸትህን ነው፤ አንተ አይደለህ እንዴ የምትጽፈው? መልሰው አልኩት። ጻፈውና መልሰው! ‘እትዬ፣ እኔ መመለስ አልችልም’ አለኝ። ተነሥቶ ሊያቅፈኝ መጣ። በሁለት እጄ ገፋሁት። እንጨቱ ያዘው ብዬ… አልያዘውም።»

ማኅሌት ፊቷን ሸፍና ማልቀስ ጀመረች።

«ወርጄ ስደርስ አልፏል። አፉ ተከፍቶ ሊያድር ሆነ። የኔን ልጅ አፉን የገጠመለት የለም» አሉ እትዬ አሰፋች። «ለእሱ ገጠምኩለት።»

«ለምን ዝም አሉ፣ እማማ?» አለ ኢልያስ። ድምፁ የትልቅ ሰው አልመሰለም። «እኔ ልታሰር ነበር እኮ!»

«ዝም አላልኩም፣ ኢሉዬ። አፌ እምቢ አለኝ። መድኃኔን ገደልኩት ካልኩ፣ ለምን ሲሉኝ ፈቀደ ሞተ ማለት ሊኖርብኝ ነው። እሱን ነው ያቃተኝ።» ዞረው ዙሪያቸውን ተመለከቱ። «ይኸው፤ አልኩት።»

ኢልያስ ከባንኮኒው ወጥቶ መጥቶ እግራቸው ስር ተቀመጠ። ካሕሳይ ወደ መስኮቱ ዞረ። ልቅሶው ከካፌው አልፎ ደጅ ወጣና ጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መግባት ጀመሩ። ለማን እንደሚያለቅሱ የጠየቀ አልነበረም። አጽብሐ ሊያስቆማቸው ሲል ፅናት በዓይኗ ከለከለችው። ሌላ ልታደርግላቸው የምትችለው ነገር አልነበራትም።

ልቅሶው ጋብ ሲል እትዬ አሰፋች የፅናትን እጅ ያዙ።

«አንቺ የመንግሥት ሰው ነሽ። ሬሳውን ታመጪልኛለሽ?»

ፅናት አፏን ከፈተች። የትኛው መንገድ ዳር እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በየትኛው አገር እንደሆነም።

«እትዬ…» አለች።

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነሥተው ፊታቸውን ታጠቡ፣ ነጠላቸውን አጣፉ። አጽብሐ የፖሊሱን መኪና በር ከፍቶ ይጠብቃል። እትዬ አሰፋች ደጁ ላይ ደርሰው መኪናውን ሲያዩ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«እዚያ ውስጥ አልገባም።»

«ሩቅ አይደለም፣ እትዬ፤ መስኮቱንም እንከፍተዋለን…» አለ አጽብሐ።

«አልገባም፣ ልጄ። በእግሬ ውሰዱኝ።»

ፅናት ካቴናውን ከወገቧ ሳታወጣ ክንዳቸውን ደገፈች። አጽብሐም መኪናውን ትቶ ከኋላ ተከተለ። ዳገቱን ቀስ እያሉ ወደ ፒያሳ ወጡ። መንገዱ ላይ ወጣቶች ስልካቸው ላይ ተደፍተው ስለ ሐመልማል ይከራከራሉ፤ ምን አየች፣ ለምን ዘጋችው ይባባላሉ። አንዲት ጎመን ሻጭ እትዬ አሰፋችን ለይታ ከመደቧ ብድግ አለች።

«እትዬ! ምነው በዚህ ሰዓት? ደህና ኖት? ፈቀደስ፣ ወሬው አለ?»

እትዬ አሰፋች ቆሙ። የፅናት ክንድ ላይ ያለው እጃቸው ጠበቀ።

«ሞተ» አሏት፤ መንገዳቸውንም ቀጠሉ።