የገጠመው ገመድ

ክላይቭ ሃርትኔት የሞተው ጋራዡ ውስጥ፣ ሲገጣጥመው በከረመው ትንሽ ኮምፒውተር ፊት፣ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ሐኪሙ «ልቡ ቆሟል» ብሎ ፈረመ። ጋራዡ ግን የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸት ስለነበር፣ የስታንሊ ወደብ ፖሊስ ሳጅን ጆይስ ትሬሎር ልቡን ምን እንዳቆመው ሳታውቅ መዝገቡን ልትዘጋ አልወደደችም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ባይ ናት።

ኮምፒውተሩ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሃርድ ዲስኮች አርረዋል። የያዙት የሟች ሚስቱን የዶሪንን ድምፅ ነበር። ዶሪን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከማድ ቤቷ ሆና ለዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች የነፋሱንና የማዕበሉን ሁኔታ በሬዲዮ ታነብ ነበር። ዋናዎቹን ካሴቶች ሻጋታ በልቷቸዋል። ከቀበራት ወዲህ ለክላይቭ የቀረችው በእነዚያ ዲስኮች ላይ ብቻ ነበረች።

ልጁ ጌቪን ሳይጠየቅ ጣቱን እህቱ ላይ ቀሰረ።

«ማርሊን ናት! ያን ዕለት ጠዋት እዚህ ገብታ ስትጠርግ ነበር። ‹እማማን አሳርፋት፣ ጣለው ይሄን ነገር› ያለችውስ ማን ሆነችና? አባቴን የገደለችው እሷ ናት!»

«ብዬዋለሁ» አለች ማርሊን፤ ዓይኗ አብጧል። «የእማማን ድምፅ እየሰማ መብላት ሲረሳ አንጀቴ አልቻለም። ገመድ ግን አልነካሁም፣ ሳጅን። ስወለውል ነክቼ ይሆን እንዴ እያልኩ ይኸው አራት ቀኔ፤ እንቅልፍ የለኝም።»

የክላይቭ የአጥር ጎረቤትና የአርባ ዓመት ጓደኛ የሆነው ነቪል ኮፍያውን ይጠመዝዛል። «ክላይቭ ከመሞቱ በፊት ሆስፒታል በተኛባቸው ሁለት ቀናት ዶሮዎቹን መገብኩ እንጂ፣ ወደ ጋራዡስ ዝር አላልኩም።»

ጆይስ ጎንበስ አለች። ክላይቭ የዳቦ ፌስታል የሚታሰርባቸውን ትንንሽ ፕላስቲኮች የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ላይ በሙጫ እየለጠፈ ምልክት ያደርግ ነበር፤ የዚህ ኮምፒውተር ሰማያዊ ነው። የተሰካውም ገመድ ሰማያዊ አለው። በጥፍሯ ነካ ብታደርገው ወደቀ። ሌሎቹ ግን በጉጠትም አልለቀቁም።

«ነቪል፣ ሻይ አያጠጡኝም?» አለች።

ከሻዩ በኋላ ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«በዲስኩ በኩል ያለው ጫፍ በሁሉም ገመድ አንድ ዓይነት ነው። ኤሌክትሪክ በሚያከፋፍለው የኃይል ሳጥን በኩል ያለው ግን እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ሶኬቱ ይገጥማል፤ የሽቦዎቹ ቦታ ግን ሌላ ነው። አምስት ቮልት የሚጠብቀው ዲስክ አሥራ ሁለት ይጎርሳል። ክላይቭ ይህን ያውቅ ነበር፤ ምልክት ይለጥፍ የነበረውም ለዚሁ ነው። አንድ ሰው ግን ሰማያዊውን ወደ ሌላ ፋብሪካ ገመድ አዛውሮታል፤ ክላይቭ አየ፣ አመነ፣ አበራ። ዲስኮቹ ጨሱ፤ ደካማ ልቡም ድንጋጤውን አልቻለውም።»

«ታዲያ ምልክቱን ማን አዛወረው?» አለ ጌቪን።

«መጥረጊያ ሙጫ አይፈለቅቅም፤ ስለዚህ ማርሊን አይደለችም። ምልክቱ የተፈለቀቀበት ገመድ፣ ሙጫው እንደደረቀበት፣ ነቪል ቤት ኮምፒውተር ውስጥ ተሰክቷል። አየሁት።»

ነቪል ተቀመጠ።

«የዶሪንን ድምፅ ቅጂ ላወጣለት ነበር። እሑድ የተጋቡበት ቀን መታሰቢያ ነው፤ ድንገት ላስደስተው ብዬ። የኃይል ሳጥናችን አንድ ዓይነት ነው፤ የእኔን ገመድ አይጥ ስለበላው የእሱን ተዋስኩ። አንድ ቀን ቀድሞ ከሆስፒታል ወጣ። ዲስኮቹን ሮጬ መለስኩ፤ ገመዱን ግን ቅጂውን እስካጣራ አስቀረሁት። እንዳይነቃብኝ ከመሳቢያዬ ሌላ ጥቁር ገመድ አውጥቼ ምልክቱን ለጠፍኩበት። ገጠመ! ገጠመ እኮ፣ ጆይስ!»

«ማርሊን ስትወነጀል ግን ዝም አሉ።»

«ፈራሁ» አለ።

ጌቪን ብድግ አለ። «አባቴን የገደልከው አንተ...»

ማርሊን በመዳፏ አፉን ያዘችው።

«ያቺን ቃል አትጨርሳት። አራት ቀን እኔ ተሸክሜያታለሁ፤ ክብደቷን አውቃታለሁ።»

ከዚያ ሽማግሌው ፊት ተንበረከከች።

«አጎቴ ነቪል፣ ቅጂው ደህና ነው?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«እንግዲያው ነገ ይዘውት ይምጡ» አለች እያለቀሰች። «አባባን ስንቀብረው እማማ ታንብብለት።»