ከችሎቱ ደጅ የቀሩት

በጸንዳሮ መንግሥት ያን ዕለት ንጋት ላይ ቀንዱ አልተነፋም። ወፍ ተንጫጫ፣ ፀሐይ ወጣች፤ ከግንቡ አናት ግን ድምፅ ጠፋ። በኤልማር ሐይቅ ሥር የተኛው ዘንዶ፣ ገሞራት፣ እንዳይነቃ የሚያደርገው ከጥንት ጀምሮ በየንጋቱ የሚነፋው የእርጋታ ቀንድ ነበር። ሕዝቡ ወደ ግንቡ ቢሮጥ ቀንዱ ተሰርቋል። ከሐይቁም ላይ እንፋሎት መነሣት ጀመረ።

ሌባው ማን እንደሆነ ለመገመት ጠንቋይ አላስፈለገም። የሰው ከብት ሲነዳ ተይዞ የተማረው፣ ጎተራ ዘርፎ እሳት ሲለቅበትም ተይዞ የተማረው ያው ሳልሞር ነበር። በጎተራው ውስጥ ሐርሳ የምትባል ሴት ባሏን አጥታለች። ሁለቱንም ጊዜ የማረችው ወጣቷ ዳኛ ናሆራ ናት። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ጥፋቷ አንጀቷ ቶሎ መላወሱ ነው። የሳልሞር እናት ችሎቱ መካከል ተደፍተው ሲያለቅሱ ማየት አትችልም። ተበዳይን ደግሞ አታይም፤ ቂም ምሕረትን ያረክሳል ተብሎ፣ በጸንዳሮ ወግ የተበደለ ሰው በምሕረት ቀን ወደ ችሎቱ አይገባም ነበር።

የችሎቱ ዘበኛ ታላቅ ወንድሟ ደምሳር ነው። «እቴዋ፣» ብሏት ነበር በጎተራው ፍርድ ቀን፣ «አንቺ ውስጥ የሚለቀሰውን ትሰሚያለሽ፤ እኔ ደጅ የሚለቀሰውን። እስቲ ወጣ ብለሽ አዳምጪ፣ ምናለ?» ወጉ አይፈቅድም ብላ ዝም አሰኘችው። ምነው ያን ቀን በወጣች ኖሮ!

ሳልሞር ከከተማው ሳይርቅ ተያዘ። ቀንዱን ግን ከሐይቁ ማዶ ባለ የገደል ዋሻ ደብቆታል፤ መንገዱን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ንጉሡ ከዙፋናቸው ተነሥተው፣ «ናሆራ ሆይ፣ የማረ ዳኛ ለምሕረቱ ዋስ ነው። የማርሽው ሰው አገራችንን ለዘንዶ አሳልፎ ሰጠ። ከእሱ ጋር ተቆራኝተሽ ሂጂ፤ ቀንዱን ሳትይዢም አትመለሺ!» አሉ።

እሷም እጇን ወደ ሐይቁ ዘርግታ፣ «በኤልማር ጥልቀት እምላለሁ፤ ቀንዱ ሳይነፋ እህል አልቀምስም!» አለች። ግራ እጇ ከሌባው ቀኝ እጅ ጋር በጠፍር ታሰረ። ደምሳርም ማንም ሳያዘው ጦሩን አንሥቶ ተከተላቸው።

መንገዱ ክፉ ነበር። የሐይቁ ዓሣ በፈላው ውኃ ላይ ሞቶ ተንሳፏል። የጭጋግ ወፎች የተቆራኙትን ሁለቱን በሰው ድምፅ በስማቸው እየጠሩ ወደ ገደሉ አፍ ይስቧቸዋል፤ ደምሳር ከኋላ ሆኖ ባይዛቸው ሁለቱም አልቀው ነበር። ዋሻው ጋ ሲደርሱ ሳልሞር ማልቀስ ጀመረ።

«እመቤቴ፣ ጠፍሩ እጄን ገደለው። በዚህች ጠባብ ቀዳዳ ታስረን አናልፍም። አንዴ ብቻ ይፍቱኝ፤ ይዤው እመለሳለሁ፣ እናቴ ትሙት!»

ዕንባው የእውነት ነበር። ሁልጊዜም የእውነት ነበር፤ መከራው እሱ ነው።

«እንዳትፈቺው» አለ ደምሳር።

«ወንድምዓለም፣ እጁን እየው እስቲ፣ ጠቁሯል።»

«አይቼዋለሁ። እንዳትፈቺው አልኩ።»

ፈታችው።

ሳልሞር ገብቶ ቀንዱን ይዞ ወጣ። የሚያቀብላት መስሎ ጠጋ አለና በቀንዱ ግንባሯን መትቷት ሽቅብ ሸሸ። ወዲያው ሐይቁ ተናወጠ፤ ገሞራት ከነቅርፊቱ፣ ከነእንፋሎቱ ብቅ አለ። ወደ ከተማው የሚያስኬደው መንገድ በገደሉ ሥር ያለው ቀጭን መተላለፊያ ብቻ ነው። ደምሳር ወርዶ መካከሉ ላይ ቆመ።

«ሂጂ ያዢው! ይሄን እኔ አቆየዋለሁ!»

«ወንድምዓለም፣ ብቻህን…»

«ሂጂ አልኩሽ! አሁን ሙግት የሚሰማበት ሰዓት ነው?»

ደም ዐይኗን እየጋረዳት ሮጠች። ሳልሞር ላይ ደርሳ ጣለችው፤ ቀንዱን ነጥቃ ባላት ትንፋሽ ሁሉ ነፋችው። ድምፁ ተራሮቹን አዳረሰ። ዘንዶው አንገቱን ደፋ፣ ዐይኑን ከደነ፣ ቀስ ብሎም ወደ ጥልቁ ወረደ። ደምሳርን በመንጋጋው እንደያዘው ነበር የወረደው።

ሳልሞርን በጠፍሩ አስራ ስትመለስ ከተማው ናሆራን በእልልታ ተቀበላት። እሷ ግን እልልታው አልተሰማትም።

በፍርዱ ቀን የሳልሞር እናት እንደ ወትሮው ተደፍተው፣ «ማሩልኝ፣ ከእሱ ሌላ የለኝም» ሲሉ አለቀሱ። ናሆራም አንጀቷ ዛሬም ተላወሰ፤ ነገር ግን ቀና ብላ፣ «ደጁን ክፈቱት» አለች። ሽማግሌዎቹ ወጉ ፈረሰ ብለው አጉረመረሙ። ደጅ ቆማ የነበረችው ሐርሳ የት እንደምትቆም ግራ ገብቷት ገባች።

«ምን እንዲፈረድልሽ ትፈልጊያለሽ?»

«ሞቱን አልፈልግም፣ እመቤቴ። እሳቸውም እናት ናቸው። ብቻ ልጆቼን ቤት ትቼ ውኃ ስወርድ ይሄ ሰው የት እንዳለ ልወቅ። ሌላ ምንም አልፈልግ።»

ናሆራ ሳልሞር ዕድሜ ልኩን በግንቡ ሥር ታስሮ እንዲኖር፣ እናቱም እየገቡ እንዲጠይቁት ፈረደች። ለመፍረድ ጥቂት ቃል በቃት። ከዚያ ወደ ሐርሳ ዞራ፣ «ጎተራው የተቃጠለ ጊዜ ብጠይቅሽ ምን ትይኝ ነበር?» አለቻት።

«ይህንኑ ነዋ» አለች ሐርሳ። «ያኔም ደጅ ቆሜ ለዘበኛው ነግሬው ነበር። ለእህቴ አደርስልሻለሁ ብሎኝ ነበር። አልነገረዎትም እንዴ?»