ከስር የነበረው ክምር

አይለን ድምፅ ለመስጠት ሰልፍ ይዛ የሮሲዮን ቀይ ኮት ላለማየት ብትሞክርም ዓይኗ እየተመለሰ እዚያው ያርፍ ነበር። ሮሲዮ ከትምህርት ቤቱ ማዶ ከክፍላቸው ልጅ ከላውታሮ ጋር ቆማለች፤ ለእናቷ የምርጫ ታዛቢዎች ያመጡት፣ ሳምቡሳ የሚመስለው የኤምፓናዳ ቅርጫት እግራቸው ስር ነው። ላውታሮ የሆነ ነገር ሲላት አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። አምና እንደዚያ የምታስቃት አይለን ነበረች።

አምና ሮሲዮን ማንም ልብ አይላትም ነበር። እናቷ መምህርት ግራሲየላ ለከንቲባነት ከተወዳደሩ ወዲህ ግን ፎቶዋ ከእናቷ ጎን በየግድግዳው ተለጥፏል። ላውታሮም ቅዳሜ ቅዳሜ አብሯት በራሪ ወረቀት ሲያድል ከረመ። አይለንም አብራቸው እንድትወጣ ተጠይቃ ነበር። የቤት ሥራ አለብኝ አለች። አልነበረባትም።

ዛሬ የማጣሪያው ምርጫ ነው። ከተቃዋሚዎቹ አንድ ሰው ብቻ ያልፍና በጥቅምት፣ በዋናው ምርጫ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ወንበራቸውን ያልለቀቁትን ከንቲባ ይገጥማል። ወይ መምህርት ግራሲየላ፣ ወይ የጭነት መኪናዎቹ ባለቤት ሳንዶቫል። የአይለን አባት ሳምንቱን ሙሉ ማቴ ሻዩን እየማገ ሲያሰላስል ነበር የሰነበተው። ጅረቱ ሞልቶ ቤታቸው የገባ ጊዜ አብረውት ፍራሽ ተሸክመው ያወጡት ግራሲየላ ናቸው። ሳንዶቫል የመጣው ውሃው ከደረቀ በኋላ፣ ከካሜራ ጋር ነው። ቢሆንም ገንዘብም ሰውም ያለው ሳንዶቫል ነው፤ ከንቲባውን መጣል የሚችለው እሱ ብቻ ነው። አባቷ በመጨረሻ ድምፄን አላባክንም አለ። ሲለው ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

አይለን ግን ይህን ስትሰማ ቀለል አላት። ለማንም ብትነግረው የማያሳፍር ምክንያት ነው። አርብ ዕለት ሮሲዮ ማንን እንደምትመርጥ ስትጠይቃት ሳታንገራግር ደገመችው።

«እናትሽ እኮ በጥቅምት አያሸንፉም። ዝም ብሎ ድምፅ ማባከን ነው።»

ሮሲዮ አልተቆጣችም። «አባትሽ እንደዚያ ቢል ይገባኛል» አለች። «ሲጨነቅ አይቼዋለሁ። አንቺ ግን ስትይው ደስ ብሎሻል።»

«አቦ ሙድ አትያዢብኝ።»

«ሙድ አልያዝኩም» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

ተራዋ ደረሰ። ኮሮጆው ያለበትን ጠረጴዛ የሚመሩት የዳቦ ቤቷ ባለቤት ዶኛ ኤልቪራ መታወቂያዋን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ይቺ ሱቄ ደጃፍ ላይ ስትድህ የነበረችው ናት የምትመርጠው? በቃ አርጅቻለሁ ማለት ነው» አሉ፤ ሰልፉ ሳቀ። የተፈረመበት ባዶ ፖስታ ሰጧት። «ግቢ የኔ ልጅ። ቶሎ በይ፣ ከኋላሽ ምሳ የሚጠብቀው ሰው አለ።»

የድምፅ መስጫውን ጨለማው ክፍል ይሉታል እንጂ መብራቱ ቦግ ብሏል፤ መስኮቱ በወረቀት ከመሸፈኑ በቀር ሒሳብ የምትማርበት ክፍል ነው። የየእጩው ወረቀት ዴስኮቹ ላይ ተከምሯል። የሚፈልጉትን አንስቶ ፖስታው ውስጥ ከትቶ መውጣት ነው። በፓርቲያቸው ተፎካካሪ ባይኖራቸውም የከንቲባው ክምር አለ። የሳንዶቫል ሁለት ክምር አለ። የግራሲየላ የለም።

ከሳንዶቫል ክምሮች የአንደኛው ጠርዝ ተዛንፏል። አይለን በጣቷ ገለጥ አደረገችው። ከላይ ጥቂት የሳንዶቫል ወረቀቶች፣ ከስር በሙሉ የግራሲየላ። ከእሷ በፊት የገባ ሰው ሆን ብሎ ሸፍኖታል።

መጀመሪያ የተሰማት ቁጣ አልነበረም። አርብ ዕለት የተሰማት ዓይነት ትንሽ፣ ሞቅ ያለ ደስታ ነበር። ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም። ከላይ ያለውን አንስታ ብትወጣ ማን ያውቅባታል? ከኋላዋ ያሉት ይቸኩላሉ፤ ሁሉም ገልጦ አያይም። ማታ ባለ ቀይ ኮቷ ታለቅሳለች፤ ፎቶውም ከየግድግዳው ይወርዳል።

አባቷ ትዝ አላት። እሱ ይህን ቢያይ መጀመሪያ ይሳደባል፣ ከዚያ ክምሩን ያስተካክላል፣ ከዚያ ፊቱን አጥቁሮ ሳንዶቫልን ይመርጣል። እሷ ግን እዚህ ከገባች ጀምሮ ስለ ከንቲባው አንዴም አላሰበችም። ስለ ጥቅምትም አላሰበችም።

በሩ ተንኳኳ። «የኔ ልጅ፣ እዚያው ልታድሪ ነው?»

«መጣሁ፣ ዶኛ ኤልቪራ።»

ከላይ የነበሩትን የሳንዶቫል ወረቀቶች ሰብስባ ወደ ሌላኛው ክምር መለሰች። የግራሲየላን ክምር ጠርዙን በመዳፏ አስተካክላ ዴስኩ መሃል አስቀመጠችው። ከዚያ ከእሱ አንድ አንስታ ፖስታው ውስጥ ከተተች። የጥቅምቱን በጥቅምት ያዩታል።

ፖስታውን ኮሮጆው ውስጥ ጥላ ወጣችና መንገዱን ተሻገረች። ላውታሮ ወሬውን አቋረጠ። ሮሲዮ ማንን መረጥሽ ብላ አልጠየቀችም።

«ክምራችሁን ሰው ሸፍኖት ነበር» አለች አይለን። «አስተካክዬዋለሁ። ግን ታዛቢዎቻችሁ እየገቡ ይዩት።»

ሮሲዮ ለአፍታ አየቻት። ከዚያ ዘወር ብላ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠች፤ ላውታሮም ተከተላት። አይለን ብቻዋን ቀረች። ጎን ለጎን ሲሮጡ ያምሩ ነበር፤ ኮቱም ያምር ነበር፤ አሁንም ውስጧን ቆጠቆጣት።

አንድ ውሻ እያነፈነፈ ወደተረሳው ቅርጫት ተጠጋ። አይለን ቅርጫቱን አነሳችና ተከተለቻቸው።