ጋሻ ያጣው ችሎት

በሰልዶር መንግሥት፣ ፀሐይ በቀትር ደም መስላ በታየችበት ዕለት፣ የነሐሱ ጋሻ ከዋናው ችሎት ግድግዳ ላይ ተሰርቆ ተገኘ። በጋሻው ላይ የጥንት ነገሥታት ቃል ተቀርጾበት ነበር፦ «ዳኛ በፈረደው ፍርድ አይከሰስ፤ ቤቱ አይወረስ፤ ልጁ አይያዝ።» ጋሻው በተሰቀለበት ዘመን ሁሉ የተረታ ሰው ይግባኝ ይል ነበር እንጂ «ካሰኝ» ብሎ የዳኛውን አንገት አያንቅም ነበር።

ሌባው መስፍን ዶግማር መሆኑ ለማንም አልተሰወረም። አረጋዊው ዳኛ ሐሪማን «የሸመል ወንዝ የሕዝብ ነው» ብሎ ስለፈረደበት፣ ቂም ቋጥሮ ጋሻውን አሰረቀና ለዘንዶው ለኩልመት አስረከበ። ወዲያውም ሐሪማንን ከሰሰው፦ «ፍርድህ ወንዜን አሳጥቶኛልና ካሣዬን አምጣ!» ይህን ያዩ ዳኞች ወንበራቸውን እየተዉ ሸሹ። ጉልበተኛው የደካማውን በሬ እየነዳ «ክሰሰኝ እስቲ!» ይል ጀመር።

በሐሪማን ቤት ናርዳ የምትባል ወጣት ነበረች። በአባቷ በእልፋይ ላይ በሐሰት ምስክር ተታሎ ስደት የፈረደበት ራሱ ሐሪማን ነው፤ ሰውየው በሰው አገር ሞተ። ዳኛው እውነቱን ሲረዳ ሕፃኗን አምጥቶ አሳደገ፤ ነፍስ ስታውቅም አንዳች ሳይሸሽግ ነገራት። አምርራ አለቀሰች። ይሁን እንጂ ሾርባውን እፍ እያለ ያጎረሳትን፣ ትኩሳት ሲይዛት ከእግሯ ሥር ያልተለየውን ሽማግሌ መጥላት አልሆነላትም።

በሰልዶር ደግሞ ካሣው ያልተዘጋ ሟች ድምፁ አይጠፋም። እልፋይ ጎህ ሲቀድ ለልጁ ያንጎራጉርላት ነበር፤ የምትሰማውም እርሷ ብቻ ነበረች።

ዶግማር የአባቷን በደል ያውቅ ነበርና ናርዳን አስጠራት። «አሁን ጋሻ የለም። የአባትሽን የደም ካሣ ከእኔ ጋር ሆነሽ ጠይቂ» አላት።

«ጌታዬ፣ የእኔ ሐዘንና የእርስዎ ቂም በአንድ ቀንበር አይጠመዱም» ብላው ወጣች።

ክንፍ ያለውንና ማማረር የማይሰለቸውን በቅሎዋን ዱርማን ስትጭን ሐሪማን ምርኩዙን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ልጄ፣ ቅሪ። እኔ አርጅቻለሁ፤ ቤቱንም ይውሰዱት።»

«አባባ፣ የሚወስዱት ቤትዎን አይደለም፤ አንደበትዎን ነው። ጋሻውን ሳልይዝ ብመለስ ያሳደገኝ እጅዎ ይፍረድብኝ!»

የአመድ ተራሮችን ተሻገሩ። ነፋሱ የዱርማን ክንፍ እንደ እጅ እየያዘ ሊጥላቸው ታገለ፤ በቅሎውም «እኔን ያገኘኝ!» እያለ፣ ግን ሳይመለስ በረረ። ከዋሻው አፍ ሲደርሱ ኩልመት ነበልባል ተፋባቸው፤ የዱርማ ጅራት ተለበለበ። ናርዳ ግን ከእሳቱ መሐል ቀጥ ብላ ቆመች።

ዘንዶው ድፍረቷን አይቶ ተናገረ፦ «ጋሻውን ከዚህ የሚያወጣው የተከሰሰው ዳኛ የበደለው ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ካሣውን ለዘለዓለም ሲተው። ከተውሽ ግን አባትሽ ዝም ይላል።»

ናርዳ ከጋሻው አጠገብ ተቀምጣ ሌሊቱን አነጋች። ጎህ ሲቀድ ያ የለመደችው እንጉርጉሮ መጣ።

«አባዬ፣ ሰማህ?»

«ሰማሁ፣ የኔ ዓለም። ያ ሰው ተታሎ ነው እንጂ ፈርቶ አልፈረደብኝም። ፈሪ ዳኛ ግን እንደ እኔ ያለውን ድሃ በየቀኑ ያሳድዳል። ልቀቂኝ።»

«ዝምታህን እንዴት ልቻለው?»

«ሽማግሌው አለልሽ። እርሱም ብቻውን አይችለውም።»

እጇን በጋሻው ላይ ጭና ጮኸች፦ «እኔ ናርዳ እልፋይ፣ የአባቴን ካሣ ትቻለሁ!» እንጉርጉሮው ከመሐል ተቆረጠ። ዱርማ አንገቱን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ፤ አንዲትም ቃል አላማረረም።

ጋሻው ዳግም ሲሰቀል የዶግማር ክስ ፈረሰ፤ እርሱም በስርቆቱ ተፈረደበት። ሐሪማንም በሸንጎው ፊት ተነሥቶ እንዲህ አለ፦ «ጋሻው ከክስ ይጠብቀኛል እንጂ ከእውነት አይሰውረኝም። እልፋይ ንጹሕ ነበር! ሆን ብሎ ፍርድ ያጣመመ፣ ጉቦ የበላ ዳኛም ከወንበሩ ይውረድ።» ከዚያ ወርዶ ወደ ናርዳ ሄደ፤ ተቃቅፈው አለቀሱ።

በማግስቱ ችሎቱ ሲከፈት የመጀመሪያው ከሳሽ ዱርማ ሆኖ ቀረበ። ተከሳሿም ናርዳ ነበረች።

«ጌታዬ ዳኛ፣ ዘንዶው ሲለበልበኝ ‹በርታ› ከማለት በቀር ዞር ብላ አላየችኝም» አለ፣ የተላጠ ጅራቱን ለሸንጎው እያሳየ።

ሐሪማን ሁለቱንም በጥሞና ሰማ። ናርዳን ሲያይ ዓይኑ ራራ፤ ድምፁ ግን አልራራም። «ፀጉሩ እስኪመለስ ጠዋት ጠዋት ቅቤ ትቀቢዋለሽ።»

«አባባ! በእኔ ላይ?»

«ይግባኝ ማለት መብትሽ ነው፣ ልጄ።»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ናርዳም እየሳቀች እጅጌዋን ጠቅልላ ቅቤ ፍለጋ ወጣች።