የዘገየው መስመር

ሲስተር ውዴነሽ በየማለዳው መናኸሪያው በር ላይ፣ ከሻይ ቤቱ ቆርቆሮ ሥር ጠረጴዛዋን ትዘረጋለች። በሽታው ከተማዋን ከያዘ ወዲህ ሳይመረመር አውቶቡስ የሚሳፈር የለም። ጥጥ በተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት የመንገደኛውን አፍንጫ ትጠርግና እንጨቱን ፈሳሽ ውስጥ ነክራ ጣት በምታህል ነጭ የመመርመሪያ ኪት ላይ ታንጠባጥባለች። አንድ ቀይ መስመር ከወጣ ይሳፈራል፣ ሁለት ከወጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በኪቱ ጀርባ የመቀመጫውን ቁጥር ትጽፍና ሁሉንም በፌስታል ትሰበስባለች፤ የአባይ ድልድይ ኬላ ላይ ያሉት ፖሊሶች በዓይናቸው ካላዩ አያምኑም።

የዚያን ቀን ግን እሷም ተሳፋሪ ነበረች። የባሏ መቃብር አፈሩ ገና አልደረቀም፤ የቀረቻት አምስት ዓመት የሞላት ልጇ እልልታ ብቻ ናት፣ እሷን ደግሞ ከአባይ ማዶ፣ ደጋ ላለችው አያቷ አድርሳ ከዚህች ከተማ ልታስመልጣት ቆርጣለች። እልልታ እንጨቱን ስታይ አለቀሰች። አባቷ ሲያጣጥር አፍንጫው ውስጥ የተሰካውን ቱቦ አይታለች። ውዴነሽም ዞር ብላ የራሷን አፍንጫ ሁለት ጊዜ ጠረገች፤ አንዱን በራሷ ቁጥር፣ ሌላውን በልጇ ቁጥር። ልጅቷ ትኩሳት የላት፣ ሳል የላት፤ ምን ሊመጣ?

ኪቱ ሩብ ሰዓት ይፈልጋል። ሹፌሩ ጋሽ አንሙት ግን ጡሩምባውን እየነፋ፣ «ሲስተር፣ ጫጩት ልታስፈለፍይ ነው እንዴ?» ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀባት። ሳይደርስ የተነበበ ኪት ጥሬ እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ሁሉም ላይ አንድ አንድ መስመር አየችና ፌስታሉን ቋጥራ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጠች።

ያገራችን ሰው ከበሽታ ይልቅ ነፋስ ይፈራል። ወደ በረሃው ቁልቁል ሲጀምሩ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተነፈሰባቸው፤ ሆኖም ውዴነሽ መስኮቷን ጣት ያህል ብትገፋው ከኋላዋ ያለችው ሴትዮ፣ ላባችን ላይ ነፋስ ልታስመቺን ነው ብላ ዘጋችባት። መጋረጃዎቹም ለፀሐዩ ተጋረዱ። እኩለ ቀን ሆኖ ውስጡ ጨለመ፤ በጨለማውም ውስጥ ለመድኃኒት የታኘከው የነጭ ሽንኩርት ጠረን፣ የብርቱካን ልጣጭና የላብ ሽታ፣ ሰው ሁሉ አንድ አየር እየተቀባበለ የሚተነፍሰው እርጥብ ሙቀት አንድ ላይ ተጋግሮ ፊት ላይ ይለጠፍ ነበር።

እልልታ የቆሎ ከረጢቷን ይዛ ተነሳች። ቆሎ ሲታደል ከሽማግሌ ይጀመራል ብላ እናቷ አስተምራታለች፤ በዕድሜ የሚበልጡት አባ ፈንቴ ደግሞ የኋለኛው ወንበር ላይ ነበሩ። ሽማግሌው ጉንጯን ስመው፣ እንትፍ እንትፍ ብለው መረቋት። ቀጥሎ ያሉትም ሲስሟት እልልታ ሳቀች። ውዴነሽ ያንን ሳቅ ከሰማች ስንት ጊዜዋ! ዓይኗን ጨፈነች።

ከኋላ አባ ፈንቴ ሳሉ። ደረቅ፣ አጭር ሳል ነው፤ የተዘጋ በር በጣት እንደማንኳኳት ያለ። ከዚያ ዝም አሉ። ውዴነሽ ፌስታሉን ፈትታ የእሳቸውን ኪት ፈለገች። ሁለተኛው መስመር ወጥቷል።

ሰዓቱ ያለፈበት መስመር ውሸት ነው፣ አለች ለራሷ፤ ተምራዋለች፣ ለሌላም አስተምራዋለች። ኪት እውነት የሚናገረው ለአፍታ ነው፤ ከዚያ በፊት ጥሬ፣ ከዚያ በኋላ ከቀብር መልስ የመጣ ሐኪም።

ከፊታቸው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሳለ። ቀጥሎም ከዚያ ፊት ያለው። በመጋረጃው ስንጥቅ በምትገባው ቀጭን ብርሃን ኪቶቹን ጭኗ ላይ ደረደረቻቸው። ሁለተኛው መስመር ከኋላ ወደፊት፣ ወንበር ሳይዘል ይመጣል፤ እልልታ የደረሰችበት ቁጥር ይቀላል፣ ያልደረሰችበት ባንድ መስመሩ ነው። ጠዋት የተጠረገ አፍንጫ ቀትር ላይ ቆሎ ማን እንደበላ ምን አገባው?

«እልልታ፣ ነይ ተቀመጪ።»

«ቆይ እማ፣ ገና አልጨረስኩም።»

ውዴነሽ ዞረች። ተሳፋሪው ነጠላውን ተከናንቦ፣ እርስ በርሱ ትከሻ ላይ ተደጋግፎ ነበር። አውቶቡሱ ጉድጓድ ሲመታ ራሶቹ ሁሉ ባንድ ላይ ወደ ጎን ወደቁ፤ ቀና ያለ አልነበረም። መስኮቱን ገፋችው፤ እንደተጋገረ ነው። ጩኸቷን ለማውጣት አፏን ስትከፍት ያ ሞቃት አየር ገብቶ ሞላባት። ልጅቷ አልፋት ወደፊት ሄደች። ጋሽ አንሙት ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ መዳፉን ወደኋላ ዘረጋላት።

«የኔ እመቤት፣ እደጊ፣ ተመንደጊ» አላት።

ቆሎውን ቃመ። ሳለ። እጁ መሪው ላይ እንዳለ ቀረ፤ አውቶቡሱም ቁልቁለቱን ያለ ችኮላ፣ ያለ ፍሬን ተያያዘው።

ከኪቶቹ ሁሉ ባንድ መስመር የቀሩት ሁለት ነበሩ፤ የእሷና የልጇ። የእልልታን አንስታ ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። ጥርት ያለ አንድ መስመር ነው። ልጄ ንጹህ ናት፣ አለች፤ እግዚአብሔርንም አመሰገነች፤ ምስጋናው ከአፏ ሳይወጣ ያ አፍንጫ የማን እንደነበረ ትዝ አላት።

እልልታ ላብ ያልነካው ፊቷን አቅርባ፣ የከረጢቱን የመጨረሻ ጭብጥ ወደ አፏ ዘረጋችላት።

«ያንቺን ነው መጨረሻ ያደረግኩት፣ እማ» አለቻት፤ በውዴነሽ መዳፍ ውስጥም በልጇ ቁጥር የተጻፈበት ኪት ላይ ሁለተኛው መስመር ቀስ ብሎ መቅላት ጀመረ።