ድፍኑ በር

«ይሄኛው!» አለች ሚጣ ጣቷን ካታሎጉ ላይ ተክላ። «ድፍኑ። መስታወት የሌለው።»

በር ሠሪው እናቷን አያት። እናቷ ደግሞ ኮሪደሩን አየች። ኮሪደሩ መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚያገኘው በበሩ በኩል ብቻ ነው።

«ምረጪ ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ ቃሌን አላጥፍም» አለች እናቷ። «ግን ቤቱ ጉድጓድ ሊመስል እኮ ነው፣ የኔ ልጅ። እስቲ ይቺን ባለ ረጅም መስታወቷን እያት። ፍሬሟ ነጭ ፕላስቲክ፣ መስታወቷ ቀጠን ያለ… አታምርም?»

«ጉድጓድ ይምሰላ! ማንም አጮልቆ እንዲያየኝ አልፈልግም። ፍንክች አልልም።»

ሚጣ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስሙ ከሕፃንነቷ ተርፎ የቀረ ነው። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ የድሮው የእንጨት በር ከማጠፊያው ተገንጥሎ አገኘችው። ነፋስ ነው ብላ ገባች። መኝታ ቤት ውስጥ መሳቢያ ሲሳብ ሰማች። ወዲያው አንድ ሰው እየሮጠ ወጥቶ በትከሻው ገጫት፤ ከግድግዳው ጋር አላትሟት ሄደ። ፊቱን እንኳ አላየችም። ከዚያ ወዲህ የቧንቧ ጠብታ ሳይቀር ያስበረግጋታል።

ለጊዜው አባቷ በበሩ ቦታ ጣውላ ገጥሞ ከውስጥ መቀርቀሪያ አበጅቶለታል።

«እንግዲህ ነገ ለልኬት ስመጣ ቁርጡን ትነግሩኛላችሁ» አለ በር ሠሪው። «አንዴ ከታዘዘ መለወጥ የለም።» ካታሎጉን ትቶላቸው ሄደ። ትንሽ ቆይታ እናቷም ወደ ሥራ ወጣች።

ሚጣ የቤት ሥራዋን ጀምራ ሳትጨርስ ጣውላው ተንኳኳ።

«ማነው?»

መልስ የለም።

«ማነው?!» ድምጿ ቀጠነ።

ጣውላው ደግሞ ተንኳኳ፤ ከዚያ ተገፋ።  ሚጣ ወደ ኩሽና ሮጣ የኩሽናውን በር ዘጋችና በጀርባዋ ደገፈችው። እናቷ ጋ ደወለች፤ አይነሳም። ያ ሌባ ተመልሶ መጣ፤ ይኸው ተመልሶ መጣ።  የምጣዱን ክዳን አንስታ እንደ ጋሻ ያዘች፤ ምን ልታደርግበት እንደሆነ ግን ራሷም አታውቅም። ቆመች። ቆየች።

ማንኳኳቱ ቀረ። እጅ ጣውላውን እየታከከ ወደ ታች ሲንሸራተት ሰማች። ከዚያ በሩ ፊት ያለው ደረጃ ላይ አንድ ከባድ ነገር ዱብ አለ።

ሌባ ሰው በር ላይ ይቀመጣል እንዴ?

የዕቃ ማጠቢያው ላይ ወጥታ በኩሽናው መስኮት አንገቷን አሰገገች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ የነበረችው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ጆሮዋ የማይሰማው። በግራ እጇ ላይ የጠቀለለችው ጨርቅ በደም ርሷል።

ሚጣ ወደ ጣውላው ሄዳ መቀርቀሪያውን ያዘች። ከሴትዮዋ ጀርባ ሌላ ሰው ቢኖርስ? ከፈተችው። ብብቷን ይዛ አስገባቻት፤ ፎጣ አምጥታ ቁስሉን ጥብቅ አድርጋ አሰረችላት። ሴትዮዋ በጣቶቿ የመቀስ ምልክት ሠራች፤ ከዚያ የሚጣን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛ አልለቅም አለች። እሷም ፈርታ ነበር። ሚጣ አባቷ ጋ ደወለች፤ እሱም እንደደረሰ ሴትዮዋን ወደ ክሊኒክ ይዟት በረረ።

ማታ ሲመለስ «ተሰፍቶላታል» አለ። «ብዙ ደም ፈሷታል። ደግነቱ ቶሎ ከፈትሽላት፣ ጀግናዬ።»

ሚጣ ሳህኑ ላይ አቀረቀረች። ቶሎ አልከፈተችም። ኩሽና ውስጥ ምን ያህል እንደቆመች የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

በማግስቱ በር ሠሪው ሜትሩን ዘርግቶ ከላይ እስከ ታች ለካ። «እህስ፣ ድፍኑ ነው አይደል?»

ሚጣ ካታሎጉን ገለጠች። «ይቺ ባለ ረጅም መስታወቷ… መስታወቱ እስከ የት ይወርዳል?»

«እስከ ወገብ።»

«ደረጃው ላይ የተቀመጠ ሰው ይታያል?»

ሰውየው ግራ ገብቶት አያት። 

«መስታወቱን ዝቅ ማድረግ ይቻላል» አለ። «በማጠፊያው በኩል እናደርገዋለን። ቢሰበር እንኳ እጅ ቁልፉ ጋ አይደርስም።»

ሚጣ ጣውላውን ተመለከተች። 

«እሱ ይሁን» አለች። «መቀርቀሪያው ግን ሁለት ይሁንልኝ።»